ሰው በመቶኛ



በአንድ ቁጥር ልጀምር፤ 36.28 ከመቶ። ሲንደር የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ገላዋ በመሣሪያ ሲመረመር የወጣ ቁጥር ነው። ከመቶ 36.28 እጇ ሰው አይደለም፤ ብረትና ሽቦ ነው ማለት ነው። ልጅቱ የልብ ወለድ ልጅ ናት። አሜሪካዊቷ ደራሲ ማሪሳ ማየር በ2012 ያሳተመችው «ሲንደር» የተባለው የወጣቶች መጽሐፍ ባለታሪክ ናት። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መቀነሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ የሲንደሬላ ተረት ነው። የእንጀራ እናት አለች፣ የእንጀራ እናት ልጆች አሉ፣ ልዑል አለ፣ የቤተ መንግሥት ግብዣ አለ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከእግሯ ነው። በመጽሐፉ መክፈቻ ላይ ሲንደር ኒው ቤጂንግ በምትባል የወደፊት ከተማ ገበያ መሀል፣ የጥገና ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ከቁርጭምጭሚቷ ላይ የዛገ ብሎን ትፈታለች። የብረት እግሯ ጠቧታል። የተገጠመላት በልጅነቷ ነበርና እሷ ስታድግ እግሩ አብሯት አላደገም። አይኮ የምትባል ሮቦት አዲሱን እግር ይዛላት እስክትመጣ በአንድ እግሯ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ልዑሉ የተበላሸ ሮቦት ሊያሠራ ከሱቋ ደጃፍ ከተፍ ይላል። ተነሥታ እጅ እንዳትነሣ ከጠረጴዛው ሥር እግር የላትም። በድሮው ተረት የሚወልቀው ጫማ ነበር፤ ማየር እግሩን ራሱን አወለቀችው። ይህን ብልሃቷን እጅግ ወድጄላታለሁ።

የዚያ አገር ሕግ እንደ ሲንደር ያሉትን ሳይቦርግ ይላቸዋል። ሠርታ ያገኘችው ገንዘብ የእንጀራ እናቷ ነው፤ እሷም ራሷ በሕግ ፊት የእንጀራ እናቷ ንብረት ናት። ከተማዋ ወረርሽኝ ገብቶባታል፤ መድኃኒት ለመሞከር ሳይቦርጎች እየተመለመሉ ይወሰዳሉ፤ የሄደ አይመለስም። የእንጀራ እናቲቱም አንድ ቀን በንዴት ተነሥታ ሲንደርን ለሙከራው ታስረክባታለች። የልጅቱ 63.72 እጅ ሰው መሆኑን ለመቁጠር የሞከረ ግን በከተማው አልተገኘም።

አይኮ ደግሞ ከመቶ ዜሮ ናት፤ ሁለንተናዋ ማሽን ነው። የምትወደው ግን ቀሚስ፣ ሪባንና የልዑሉን ወሬ ነው። ሌሎቹ ሮቦቶች እንዲህ ዓይነት ጠባይ ስለሌላቸው የአይኮ የጠባይ ቺፕ ተበላሽቷል ይባላል። ሳቅና ጨዋታ መውደድ እንደ ብልሽት የሚቆጠርበት ዓለም ነው እንግዲህ። የእንጀራ እናቲቱ ይህችንም ፈታትታ ዕቃ በዕቃ ትሸጣታለች። ሲንደር ገዢ ያጣውን ትርፍራፊ ስታገኝ ከመካከሉ ያቺን ተበላሸች የተባለች ቺፕ ለቅማ ታስቀራለች። በቀጣዩ መጽሐፍ አይኮ ከሞት የምትነሣው በእሷው ነው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ቤጂንግ አልሄደም፤ ወደ አገሬ ነው የሄደው። ሲንደር ሥራዋ ምንድን ነው? ጠጋኝ ናት። እጇ በቅባት የተለወሰ፣ ብረት የምትፈታ፣ ብረት የምትገጥም። ሰው ዕቃው ሲሰበርበት እሷ ዘንድ ይመጣል፤ ሥራዋን ወስዶ እሷን ይጸየፋታል። እኛ ይህን ሰው እናውቀዋለን፤ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን የሠራ እሱ ነው፤ ያለ እሱ ገበሬው አያርስም፣ ወታደሩ አይዘምትም። ቡዳ ተብሎ የኖረውም እሱ ነው። ቀን ሰው ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባልበት፣ ልጁን የሚያገባለት ሲጠፋ፣ ሕፃናት ከዓይኑ ሲሸሸጉ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከዐዋጁ በኋላም ዕድሜ አግኝቷል። ከፊሉ ሰው ከፊሉ ሌላ ነገር የሆነ ፍጡር ለመሥራት አያቶቻችን ላቦራቶሪም ሲሊከንም አላስፈለጋቸውም። ወሬ በቅቷቸዋል።

ዛሬ ልከራከርለት የመጣሁት ነገር ከዚህ ይነሣል። ስለ አንድሮይድ፣ ማለትም ሰው መሳይ ሆኖ ስለተሠራ ማሽን የሚጻፈው ልብ ወለድ ላይ ላዩን ሲታይ «ይህ ነገር ሰው ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ይጠይቃል። ፈተና ይቀርባል፣ ውጤት ይለጠፋል። ገጹን እየገለጥን ስንሄድ ግን ወድቆ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ፈታኙን ነው። የሲንደር 36.28 ስለ ሲንደር የነገረን ነገር የለም። ስለ እንጀራ እናቷ ግን ሁሉን ነግሮናል።

ወጣቶች በዚህ ዓይነት መጽሐፍ መማረካቸውን እንደ ቧልት የሚቆጥሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ታሪኩ ግን ከመጀመሪያውም የወጣቶች ነው። ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ የጀመረችው በ1816 ነው፤ ዕድሜዋ 18 ነበር። በቀደመው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ ተራራ ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን በጋ አጨልሞት፣ እነ ሜሪ ጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ ቤት ውስጥ ተከተው በነበረ ጊዜ የተጠነሰሰ ታሪክ ነው። አይዛክ አሲሞቭም ሞግዚት ስለሆነው ስለ ሮቢ የሚተርከውን የመጀመሪያ የሮቦት ታሪኩን ሲጽፍ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። በአፍላነት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ስለ ተሠራ ሰው ቢጽፍ ምን ይገርማል? ድምፁ በአንድ ክረምት የጎረነነበት ልጅ፣ መስተዋት ፊት ቆማ «ይህች ማን ናት?» የምትል ልጃገረድ፣ ሳያዙት የሚለወጥ ገላ ውስጥ መኖር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ወላጆቻቸው ደግሞ ገና በእቅፍ ሳሉ ሐኪም ወይም መሐንዲስ አድርገዋቸዋል። ተሠርቶ መወለድ ማለት ይኸው አይደል?

ይህን ከሁሉ አጥርታ ያየችው በእኔ ፍርድ ደራሲዋ ሜሪ ፒርሰን ናት። በ2008 ባወጣችው መጽሐፍ ጄና ፎክስ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ከከባድ የመኪና አደጋ በኋላ ራሷን ስታ ቆይታ ትነቃለች። ስሟን የነገሯት ሰዎች ናቸው እንጂ እሷ አታስታውሰውም። ወላጆቿ ከልደቷ ጀምሮ የቀረጿትን ቪዲዮ በተራ በተራ ያሳዩአታል፤ ስትስቅ፣ ስትጨፍር፣ የልደት ሻማ ስታጠፋ። ልጅቱ ጄና መሆንን እንደ ትምህርት ቁጭ ብላ ታጠናለች። ሴት አያቷ ሊሊ ግን ፊት ትነሣታለች፤ ዓይኗን አታያትም። ምክንያቱን የምንደርስበት ቀስ ብለን ነው። ከአደጋው የተረፈው የአንጎሏ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። የቀረውን አባቷ፣ የሕክምና ቴክኖሎጂ ባለሀብቱ፣ በራሱ ፈጠራ ሠርቶ ሞልቶታል። በዚያ አገር ደግሞ ሕግ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ነጥብ ተመድቦለታል፤ ሰው ሠራሽ አካል በተጨመረ ቁጥር ከነጥቡ ይቀነሳል። በዚህ ሒሳብ ጄና መኖሯ ራሱ ወንጀል ነው።

ልጅን በመቶኛ መለካት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ቤታችሁ ውስጥ የነበረውን ዝምታ አስታውሱት።

የፒርሰን ትልቁ ድፍረት ወላጆቹን ክፉ አለማድረጓ ነው። ከብዙ ዓመት ምኞት በኋላ ያገኟት አንዲት ልጃቸው ናት፤ ከሞት አፍ ነጠቋት። ይህን የሚኰንን ወላጅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ቪዲዮዎቹን አብረናት ስናይ አንድ ነገር ይከነክነናል። ያቺ ሕፃን ከአደጋው በፊትም ብዙ የሚጠበቅባት፣ ካሜራ የማይለያት፣ እንድትወድቅ ያልተፈቀደላት ልጅ ነበረች። አባቷ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራት የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ጄና በመጠባበቂያነት ተቀድቶ የተቀመጠውን አእምሮዋን አጥፍታ፣ እንደማንም ሰው አንድ ሕይወት ብቻ ይዛ ለመኖር ትወስናለች። በዚህ ላይ የምታግዛት ማን ብትሉ፣ ያቺ ፊት የነሣቻት አያቷ ናት። አሮጊቷ ጄናን የተቀበለቻት የጎደለው ነጥብ ስለተሟላላት አይመስለኝም። ልጅቱ እንቢ ማለት ስትጀምር ነው የልጅ ልጇን ያወቀቻት።

ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ በ1952 የጀመረው አቶም የተባለው የሥዕል ታሪክም ከዚሁ ቁስል ላይ የበቀለ ነው። አንድ ሳይንቲስት ልጁ በመኪና አደጋ ይሞትበታል፤ ሐዘኑን መቻል አቅቶት ልጁን የመሰለ ሮቦት ይሠራል፤ ሮቦቱ ቁመቱ እንደማይጨምር ሲያይ ተናዶ ለሰርከስ ይሸጠዋል። የሕፃናት መጽሐፍ ነው ይህ። ስንት ትልልቅ ልብ ወለዶች ናቸው ይህን ያህል የደፈሩ?

አሁን ወደ ፈተናው ልለፍ።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 «ማሽን ያስባልን?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን ብሎ በጨዋታ ተካው፤ ጠያቂው ከግድግዳ ወዲያ ካለ አካል ጋር በጽሑፍ ሲያወጋ ሰውን ከማሽን መለየት ካቃተው ማሽኑ አለፈ። ብልህ ሐሳብ ነው። ግን ብልህ ሆኖ ማውራት ሰው ያደርጋል የሚለውን አልቀበልም፤ አፈ ቀላጤ ሁሉ ሰው ነው ካላልን በቀር። ስለ አሲሞቭ ሦስት የሮቦት ሕጎች ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሰውን አትጉዳ፣ ታዘዝ፣ ከዚያ በኋላ ራስህን ጠብቅ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ለመሐንዲስ ጥሩ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእኔ ግን የሚያስታውሱኝ ለባሪያ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብን ነው፤ በእነሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ጊዜ የሚገባው ፊሊፕ ዲክ ነው። በ1968 ባወጣው መጽሐፍ (በ1982 «ብሌድ ራነር» ተብሎ ፊልም የሆነው ነው) አንድሮይዶች ከሰው ጋር ፍጹም ተመሳስለዋል። ዋናው መለያ የርኅራኄ ፈተና ነው። ተመርማሪው ስለ እንስሳት ሥቃይ ይጠየቃል፤ መሣሪያው የዓይኑንና የፊቱን ቆዳ ምላሽ ይመዘግባል። ያልራራ ይገደላል። ጦርነት ምድሪቱን በመርዝ በክሏታል፣ እንስሳት አልቀዋል፤ በሕይወት ያለች አንዲት ዶሮ ወይም በግ ከሀብት ሁሉ በላይ ናት።

እዚያ ውስጥ አይሲዶር የሚባል ምስኪን አለ። የአእምሮ ፈተና ወድቆ «ልዩ» የሚል ማዕረግ ተለጥፎበታል፤ ማዕረጉ ስድብ ነው። ወደ ሌሎች ዓለማት እንዳይሄድ፣ እንዳይወልድ ተከልክሏል። ባዶ ሕንፃ ውስጥ ብቻውን ሲኖር ሸሽተው የመጡ አንድሮይዶች ጎረቤት ይሆኑታል፤ ሰው አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሸረሪት ያገኛል። በሕይወት ያለ ሸረሪት! እንደ ወርቅ ደብቆ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ይሮጣል። ፕሪስ የምትባለው አንድሮይድ ሸረሪቱን ታይና «ይህ ሁሉ እግር ምን ያደርግለታል?» በሚል ዓይነት ትገረማለች። ክፋት የለባትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው። ትንሽ መቀስ ታነሣና እግሮቹን አንድ በአንድ ትቆርጣለች። አይሲዶር ለምኖ ሲያቅተው አንጀቱ እየተላወሰ ያቺን ጉማጅ ፍጥረት ወስዶ ውሃ ውስጥ ከቶ ከሥቃይዋ ያሳርፋታል።

በዚያ ክፍል ውስጥ በመንግሥት ሚዛን ሰው ለመባል ያልበቃው አይሲዶር ነው። ዲክን ይህን መጽሐፍ ለመጻፍ ያነሣሣው ስለ ማሽን ማሰቡ አልነበረም። ለሌላ ልብ ወለድ ጥናት ሲያደርግ የአንድ ናዚ መኮንን የዕለት ማስታወሻ ያነብባል፤ መኮንኑ የተራቡ ሕፃናት ለቅሶ እንቅልፍ ነሣኝ ብሎ ያማርራል። ዲክ ይህን የጻፈው ሰው ነው ብሎ ለመቀበል እንዳቃተው ተናግሯል። አንድሮይዱ የተፀነሰው እዚያ ላይ ነው፤ ሥጋና ደም ካለው፣ እናት ከወለደችው ሰው።

ከዲክ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ቼካዊው ካሬል ቻፔክ ሌላ ዓይነት ፈተና አስቦ ነበር። ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ተውኔቱ በጥር 1921 ፕራግ ላይ መድረክ ወጣ። የቻፔክ ሮቦቶች ብረት አይደሉም፤ ርካሽ ጉልበት እንዲሆኑ ከሰው ሠራሽ ሥጋ የተበጁ ናቸው። ያምፃሉ፣ የሰውን ዘር ይፈጃሉ፣ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ብቻ ይተርፋል። ሽማግሌው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሮቦት ያገኝና ሊፈትናቸው አንዳቸውን ለምርምር እንደሚቀድ ይነግራቸዋል። እሷን አቀርባለሁ ሲል ወንዱ «እኔን» ይላል፤ እሱን አቀርባለሁ ሲል ሴቲቱ «እኔን» ትላለች። ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። አዳምና ሔዋን ብሎ አሰናበታቸው።

ይህን ከመቶ አስልታችሁ ልትነግሩኝ አትችሉም።

ካዙኦ ኢሺጉሮ ደግሞ በ2021 «ክላራና ፀሐይ» ብሎ የጻፈው ልብ ወለድ አለ፤ ከኖቤል ሽልማቱ በኋላ ያወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው። መጀመሪያ ያሰበው ለትንንሽ ሕፃናት ነበር። ጸሐፊ የሆነችው ልጁ ታሪኩን ሰምታ ሕፃናቱን ታሳቅቃቸዋለህ ብላ ነው ያስተወችው። እኔ ግን የ15 ዓመት ልጅ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ክላራ ለልጆች ጓደኛ እንድትሆን ተሠርታ ሱቅ ውስጥ የምትሸጥ ማሽን ናት፤ ጉልበቷ የፀሐይ ብርሃን ነው። የተገዛችላት ጆሲ ታማሚ ልጅ ናት። እናቲቱ ከዚህ በፊት አንዲት ልጅ ቀብራለች። ስለዚህም ጆሲ ብትሞት ክላራ ጆሲን ሆና እንድትቀጥል በምስጢር ታሰናዳለች። ክላራ ግን ሌላ መላ አላት፤ ትሳላለች። አዎን፣ ስለት ነው የገባችው። ጆሲን ብታድንልኝ ብርሃንህን በጭስ የሚያጠቁረውን ማሽን አጠፋልሃለሁ ብላ ለፀሐይ ትሳላለች። ስለቷን ለማድረስም ከገዛ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ታስቀዳለች፤ አቅሟን እንደሚጎዳት እያወቀች።

ጆሲ ዳነች። አድጋ ኮሌጅ ገባች። ክላራስ? መጀመሪያ ዕቃ ቤት፣ ቀጥሎ አሮጌ ማሽን የሚጣልበት ግቢ። መንቀሳቀስ ተስኗት ተቀምጣ ትዝታዋን ትደረድራለች። የጆሲን ቦታ ልትይዝ ትችል እንደነበር ስታስብ አልችልም ነበር ትላለች፤ ልዩ የሆነው ነገር በጆሲ ውስጥ ሳይሆን በሚወዷት ሰዎች ልብ ውስጥ ነበርና። ብዙ ተቺዎች ይህን አባባሏን ጠቅሰው ያቆማሉ። እኔን ያስቆጣኝ ሌላው ነው። ያ ቤተሰብ ደግ ነው፤ ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልመታትም። ስታገለግል ቆይታ ስትጨርስ ቦታዋ ዕቃ ቤት መሆኑ ለማንም እንግዳ አልሆነበትም። የሰው ቤት አገልግሎ ያረጀ ዘመድ ካላችሁ ይህ ምዕራፍ ልብ ወለድ አይሆንባችሁም።

ልብ ወለድ ካልኩ አይቀር ወደ እውነተኛው ዓለም ልውጣ። በጥቅምት 2017 ሪያድ ላይ በተደረገ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ሳዑዲ ዓረቢያ ሶፊያ ለምትባል ሮቦት ዜግነት መስጠቷን አስታወቀች። ሶፊያ የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ሥራ ናት፤ በሶፍትዌሯ ውስጥ ግን የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ልጆች እጅ አለበት። በ2018 አዲስ አበባ መጥታም ነበር። ስትመጣ ከአካሏ ከፊሉ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፍቶ እንደነበር በዜና ተነግሯል፤ ሻንጣ መጥፋት ሰውና ማሽን እንደማይለይ ያየነው ያን ጊዜ ነው።

በልጆቻችን ሥራ እኮራለሁ። ዜግነቱን ግን ሳስበው እስካሁን አንገቴን ያንቀኛል። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ተነሥታ ወደዚያው አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄደችን ልጅ አስቧት። በዚያን ጊዜ በነበረው ካፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ኢቃማዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ ስም ነበር። ማዳም ካልፈቀደች ሥራ መቀየር አልነበረም። ፓስፖርቷን ቤቱ የሚይዝባት ብዙ ነበረች። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተጠርዘው ተመለሱ፤ ባዶ እግራቸውን ቦሌ የወረዱትን አይተናል። በ2021 ሠራተኛ አሠሪውን እንዲቀይር የሚፈቅድ ማሻሻያ ሲወጣም የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጭ ተደረጉ። ፊቷ ጎማ የሆነ፣ የማትራብ፣ እናት የሌላት ዕቃ በአንድ ምሽት ጭብጨባ ዜጋ ስትሆን፣ የሰው ልጅ አሳድጋ፣ አሮጊት አጥባ፣ ሌሊት የምታነባው ግን ወረቀት የላትም ተባለች። አንድሮይዶቹን የፈጠሩት ደራሲዎች እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው ቢሆን አርታኢ «ተጋነነ» ብሎ ይመልሰው ነበር።

እዚህ ላይ ደራሲዎቹ ያልገመቱት አንድ ነገር አለ። የፈሩት፣ የሚሰማው ማሽን ይመጣና ሰዎች ሰውነቱን ይክዱታል ብለው ነበር። የመጣልን ግን ሌላ ነው። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባለ የኤም አይ ቲ ሊቅ ኤላይዛ የሚባል የመነጋገሪያ ፕሮግራም ሠራ፤ የተናገሩትን ገልብጦ ከመጠየቅ ያለፈ አያውቅም። ፕሮግራሙ ሲሠራ ወራት ሙሉ ያየችው የገዛ ጸሐፊው ሳትቀር ጥቂት እንዳወራችው «ብቻችንን ተወን» ብላ ከክፍሉ አስወጣችው። ዛሬ በየኪሳችሁ ያለው የሚያወራ ማሽን ከኤላይዛ እጅግ የረቀቀ ነው። ያሻችሁን ስትሉት ያደንቃችኋል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም አይሰለቻችሁም። ወጣቶች፣ ለእሱ እዘኑለት ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ለሚያወራ ማሽን ሰውነትን ለማደል እንዲህ መቸኮላችን፣ ዝም ላለ ሰው ደግሞ ለመመስከር እንዲያ መዘግየታችን ነው የሚያሳስበኝ። ከማይሰለች ጋር መኖር ቀላል ነው። አይሲዶር ግን ያጉረመርማል፣ ይንተባተባል፣ ነገር ይደጋግማል።

ወደ ሜሪ ሼሊ ልመለስ። ፍራንከንስታይን የሠራው ፍጡር ጫካ ውስጥ ከአንድ ድኻ ቤተሰብ ጎጆ ጎን ተደብቆ፣ በግድግዳ ቀዳዳ እያየ ቋንቋ ተማረ። ሌሊት ሌሊት እንጨት እየሰበረ ደጃቸው ላይ ይቆልልላቸው ነበር። በመጨረሻ ደፍሮ ገባ፤ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግ ቃል ተቀበለው፣ አጠገቡ አስቀመጠው። ልጆቹ ገብተው ሲያዩት በዱላ አባረሩት። ገዳይ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ክፋት ፊቱን ያዞረው ያን ቀን ነው። ይህን የጻፈችው የእናንተ እኩያ ናት።

ስለዚህ ልመናዬን ላቅርብ። መምህራን፣ ልጆች እነዚህን መጻሕፍት ሲያነቡ ብታገኟቸው ከእጃቸው አትቀሙ፤ አብራችሁ አንብቡ፣ ተከራከሩባቸው። ወላጆች፣ ጄና ፎክስን ከልጃችሁ ቀድማችሁ አንብቡት፤ ይቆረቁራችኋል። በተለይ ግን ለምትጽፉት ነው የምናገረው። ኒው ቤጂንግን መቅዳት አያስፈልጋችሁም። ሪያድ ወይም ዱባይ ውስጥ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከኩሽና አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል አስቡ። ውስጧ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ አለች፤ ትናንት ደግሞ ማዳም አዲስ የቤት ሮቦት ገዝታ ሶኬቱን ከፍራሿ ራስጌ ሰክታዋለች። ሮቦቷ ዋስትና አላት፣ ልጅቱ የላትም። ሁለቱ ሌሊት ምን ይባባላሉ? ማን ማንን ያስተምራል? ቤቱ ሲቃጠልስ ማን ለማን «እኔን» ይላል? ይህን ታሪክ በአማርኛ ማንበብ እፈልጋለሁ። ጻፉት።